ኤስፖዚቶ፦ በግድግዳ ቀዳዳ የገባ ስም

በጣሊያኗ ከተማ ናፖሊ መንገድ ላይ ቆሞ «ኤስፖዚቶ!» ብሎ የተጣራ ሰው፣ ብዙ ፊት ወደ እሱ ይዞራል። በከተማዋ እጅግ የተለመደው የቤተሰብ ስም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ለንግሥት ማርጌሪታ ፒዛ ጋገረ የሚባልለት ራፋኤሌ እንኳ ኤስፖዚቶ ነበር። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ዘመድ ነው? አይደለም። ሁለት ኤስፖዚቶዎች የደም ትስስር ላይኖራቸው ይችላል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ውጭ የተቀመጠ» ማለት ነው። ውጭ የተቀመጠው ደግሞ አራስ ልጅ ነው።

በከተማዋ መሀል አኑንዚያታ የሚባል ቤተ ክርስቲያንና የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ግድግዳው ውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት ሳጥን ተገጥሞለታል። ሰዎቹ «ሩዎታ» ይሉታል፣ መንኰራኩር ማለታቸው ነው። እናት ጨለማን ተገን አድርጋ ትመጣለች። ልጇን እዚያ አስተኝታ ታዞረዋለች። ሳጥኑ ሲዞር ሕፃኑ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከውስጥ የምትቀበለው ሴት የእናትየውን ፊት አታይም። ከዚያ መዝገብ ይወጣል፤ የመጣበት ቀንና የለበሰው ጨርቅ ይጻፋል። የአባት ስም ግን የለም። ስለዚህ ኤስፖዚቶ ተብሎ ይመዘገባል። ከእሱ በፊት እንደገባው፣ ከእሱም በኋላ እንደሚገባው።

ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ። የተረፉት አድገው አገቡ፣ ወለዱ፣ ስሙንም ለልጆቻቸው አወረሱ። ዛሬ የዘር ሐረጉን የሚቆጥር ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ እዚያች ሳጥን ላይ ሊቆም ይችላል።

ሚላንም ለእንዲህ ያሉ ልጆች የምትሰጠው የራሷ ስም ነበራት። የሚቀበላቸው ሆስፒታል ዓርማ ርግብ ስለነበረች ልጆቹ «ኮሎምቦ» ይባሉ ነበር። ይሄኛው ቢያንስ ለጆሮ ይሻላል። ሮም ግን «ፕሮየቲ» አለቻቸው፤ የተጣሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሕፃን ምንም ሳያጠፋ የተገኘበት ሁኔታ ዕድሜ ልኩን ስሙ ላይ ይለጠፍበታል። ከ1808 እስከ 1815 ናፖሊን የገዛው የናፖሊዮን የእህት ባል ዮአኪም ሙራ ኤስፖዚቶ የሚለውን ስም መስጠት አስከለከለ። ስለ አገዛዙ ብዙ ማለት ይቻላል፤ በዚህ ግን ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊዎቹ ለልጆቹ የተለያየ ስም መፍጠር ጀመሩ። ሳጥኑ ራሱ የተዘጋው በ1875 ነው።

የናፖሊ ሕዝብ እነዚህን ልጆች «የማዶና ልጆች» ይላቸው ነበር። የእመቤታችን ልጆች እንደ ማለት ነው። ከጸሐፊው ብዕር ይልቅ የሰፈሩ ሰው አንደበት ደግ ነበር።

ደግሞ እኮ «የተጣሉ» የሚለው ቃል እናቶቹን አይገልጻቸውም። ልጃቸውን ያስቀመጡት ሳያገቡ የወለዱ ብቻ አልነበሩም። የሚያበሉት ያጡ ባልና ሚስቶችም ነበሩ። ማንም አራስ ልጁን ጠልቶ ወደ ማሳደጊያ በር ድረስ አይሸከምም።

ማስረጃው ፍሎረንስ አለ። በ1445 በተከፈተው የኢኖቼንቲ ማሳደጊያ፣ እናቶች ሜዳሊያ ወይም ሳንቲም ለሁለት ሰብረው አንዱን ግማሽ ከልጁ ጋር ያስቀምጡ ነበር። ሌላውን እነሱ ይይዛሉ። ኑሮ ሲቃና ተመልሰው ሁለቱን ግማሾች ገጥመው «ይሄ የኔ ልጅ ነው» ሊሉ። ማሳደጊያው ዛሬ ሙዚየም አለው። ግማሾቹ ሜዳሊያዎች በትንንሽ መሳቢያዎች ተቀምጠዋል፤ በየመሳቢያው ላይም የልጁ ስም ተጽፏል።