ጆሮ የዘር ማስረጃ አይደለም!

ለግቢ ጥበቃ የሚሆን ጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ፍለጋ ጎንደር ውስጥ ከአራዳ እስከ አዘዞ ተንከራተትኩ። አርቢ ፈልጌ ያገኘሁት ሁሉ ደላላ ነው። አንዱ 40 ሺህ ብር ጠራብኝ። እሺ፣ ዋጋው ይሁን። እናቱን አሳየኝ ስለው «አዲስ አበባ ናት» አለኝ። አባቱስ? ዝም። የዘር ወረቀት? «ጆሮውን አታይም እንዴ!»

ኧረ በፈጠራችሁ! ይህ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል። ደህና አርቢ የወላጆቹን ራጅ የሚያሳየው ለዚህ ነው። ቡችላው ደግሞ ገና አምስት ሳምንቱ! ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት ነበረበት። ክትባት የሚባል አልነካውም።

ብሬን ይዤ ተመለስኩ። ካርቶን ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ የነበረው ድምፁ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።