ለስላሳውን የከፈትነው እኛ ነበርን

ስለ ልጆች ውፍረት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የልጅ ክብደት የሚስተካከለው ቤተሰቡ አብሮ ሲቀየር ነው ይላል። በቤቴ አይቼዋለሁ። የ9 ዓመት ልጄን «ለስላሳ ተው» እያልኩ፣ እኔና አባቱ ምሳ ላይ ቀዝቃዛውን እንከፍት ነበር። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ፍረዱኝ! ልጁ ምን አደረገ? ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ መውሰድ ጀመረ። ያውም በአባቱ ስም።

ለስላሳውን ከፍሪጅ ያወጣነው ለሁላችንም ነው። ግማሹ ጭቅጭቅ ያኔ ቆመ። አሁን ውሃ በሎሚ ነው የምንጠጣው። የከበደኝ አያቱ ናቸው። «ልጄን አከሳችሁት» ብለው በጓዳ ሳምቡሳ ያቀብሉታል። እሳቸውንም ካላሳመኑ የቤተሰብ ፕሮግራም የሚባል ነገር የለም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ባይጨምር እንኳ ቁመቱ ስለሚጨምር ለውጥ እንደሚመጣ ስነግራቸው ትንሽ ረገብ አሉ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 12 ወር ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት የፊት ለፊት ምክር ለቤተሰቡ ይመክራል። እኛ ከሐኪም ጋር 5 ደቂቃ ካገኘን ተመስገን ነው።

እንቅስቃሴውም እንደዚያው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይላል። እዚህ በቀትር ማን ይሮጣል? እኛ ከ11 ሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር እንሄዳለን፣ አባቱ ጫቱን ትቶ ከመጣ። ባይመጣ ሁለታችን እንወጣለን።