ደሴቷ ብትጠፋም ስንጥቁ አለ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ «እሳተ ገሞራ ከባሕር አውጥቷት በወራት ለምትጠፋ ደሴት ሳተላይት ማምጠቅ የሀብታም አገር ቅብጠት ነው፤ እኛን አይመለከተንም» አሉ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ አለፈው። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ ሳተላይት አምጥቁ ያለን የለም። ሴንቲኔል የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የሚያነሳው ምስል በነፃ ይለቀቃል። የሚጎድለን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ነው። እሱንም ቅብጠት ሊሉት ነው?

ደግሞስ እንዴት ነው የማይመለከተን? በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2004 የየመን ዓሣ አጥማጆች ቀይ ባሕር ላይ፣ ዙባይር ደሴቶች አጠገብ፣ እስከ 30 ሜትር የሚወነጨፍ እሳት አዩ። ሾላን የተባለችው ደሴት ተወለደች። መስከረም 2006 ላይ ጀዲድ ተከተለቻት። ሁለቱም ስፋታቸው አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አመድና ጠጠር ስለሚበዛባቸው ማዕበሉ ወዲያው ይበላቸው ጀመር። እንግዳው የሚያወሩት ማዕበል ስለሚበላት ደሴት ብቻ ነው። ከሥር ያለውስ? የሳተላይት መረጃው ሲመረመር፣ ቅልጥ ዐለት የገባበት ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ነው የተገኘው። ደሴቷ ጭሱ ናት፣ እሳቱ ታች ነው።

ስንጥቁን የሚፈጥረው የመሬት መለያየት ደግሞ ባሕሩ ውስጥ አይቀርም፤ በደናክል በኩል የብስ ላይ ወጥቶ አፋር ይገባል። መስከረም 1998 በአፋሩ የዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ የሆነውን ረሳነው እንዴ? በሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተሰነጠቀ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ባሕር ውስጥ ደሴት የሚያወጣው ቅልጥ ዐለት ነው እዚህ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ለሁለት የሚከፍለው። ኅዳር 14 ቀን 2018 እዚያው አፋር ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ባሕሩን ተሻግሮ የመን ደረሰ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሕንድ ሄደ። አመዱ ድንበር ሳያውቅ እኛ «የእነሱ ደሴት» እያልን እንከራከራለን።

«ትጠፋለች» ማለት «አበቃ» ማለት ከመሰላቸው የፓስፊክ ደሴት አገር የሆነችውን ቶንጋን ይመልከቱ። በ2007 ከባሕር የወጣችው መሬት 7 ዓመት ቆየች። ጥር 7 ቀን 2014 ግን ከሥሯ ያለው እሳተ ገሞራ ፈነዳና እሷንም ይዟት ሄደ፣ ሱናሚውም የሰው ሕይወት ቀጠፈ።

ገንዘብ እንደሚያጥረን አውቃለሁ። አፋር ላይ ያለማቋረጥ የሚሠሩ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎችን የመትከል ወጪ ግን ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ይበልጣል ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። አዘጋጁም በሚቀጥለው ሳምንት ግጦሹ ላይ አመድ የወረደበትን የአፍዴራ አርብቶ አደር ይጋብዝና እንግዳው «አይመለከተንም» የሚለውን እሱ ፊት ይድገሙት።