ኤዲት ላይ ይስተካከላል

«አዲስ አበባ የካሜራ ባለሙያ አጣች» የሚል ካለ ዓይኑን ይታይ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳ ኮሪደር፣ መብራት በበራበትና ፏፏቴ በፈነጠቀበት ሁሉ ስልክ ተደግኗል። ከስልኩ ጀርባ የቆመውን ሰው ጀማሪ ማለት ድፍረት ነው፤ ትናንት ማታ ካፕካት የሚባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ አውርዶ ዛሬ ጠዋት «ሰላም ቤተሰብ!» ብሏል። ሞኝ ሰው መጀመሪያ መቅረጽ ይማራል፣ ከዚያ ኤዲት። የኛ ጀግና ግን ኤዲት የሚባል ነገር መኖሩን ከሰማ ወዲህ መቅረጽ መማሩን ትቶታል። ምን ቸገረው? ለማንኛውም ሕመም የምትሆን አንዲት መድኃኒት አለችው፦ «ኤዲት ላይ ይስተካከላል!»

ሌንስ አይጠርግም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፣ ጥበብ ነው። ጥብስ የበላ ጣት ስልክ ሲያነሳ ሌንሱ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ ማታ ላይ የመንገዱ መብራት ሁሉ በዚያ ቅባት ውስጥ ሲያልፍ ረጅም ጨረር እያወጣ ይዘረጋል። ሌላው አገር ለዚህ ጨረር ብሎ ልዩ ፊልተር ይገዛል፤ የኛው በቅቤ ያገኘዋል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አንዴ ጠረግ ቢያደርገው አምስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር። አምስት ሰከንድ ግን ከየት ይምጣ?

ብርሃን ላይማ ተወዳዳሪ የለውም። ቡና አፍይዋን ነጭ በነጭ አልብሶ፣ ከጀርባዋ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይቀርጻል። ስልክ ብርሃን የሚመጥነው ፍሬሙን የሞላውን ነገር አይቶ ነው፤ ነጠላውና መስኮቱ ሲበዙበት «ኧረ በራ!» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ቀሚሱ አምሯል፣ ፊት የለም። መፍትሔው ልጅቷን ዞር አድርጎ ፊቷን ወደ መስኮቱ መመለስ፣ ከዚያ ጣትን ፊቷ ላይ ተጭኖ ፎከሱና ብርሃኑ መቆለፉን የሚያሳየው ምልክት እስኪመጣ መያዝ፣ ሲቆለፍ የፀሐይዋን ምልክት በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነበር። ይህ ግን ለተራ ሰው ነው። እሱ ኤዲት ላይ ብራይትነሱን እስከ ጥግ ይጎትተዋል፤ ፊቷ አመድ ይመስላል፣ ነጠላው ሽመናው ጠፍቶ ወረቀት ይሆናል። አመዱን ለመሸፈን ደግሞ የማለስለሻ ፊልተር። አሁን ልጅቷ አፍንጫ የላትም፤ ጉድለት የሌለበት ሰው ማለት ይኸው ነው።

እንጀራ ሲቀርጽም እንዲሁ ነው። በአንዲት ደብዛዛ አምፖል ሥር ይቀርጸዋል፤ ስልኩ በጨለማ ምስሉ ላይ የሚመጣውን የነጠብጣብ ብናኝ ለማጥፋት ምስሉን ሲያለሰልስ የእንጀራውን ዓይን አብሮ ይደፍነዋል። ሊጡ ሦስት ቀን ቦክቶ፣ አብሲቱ ተጥሎ፣ እናት ደክመው የጋገሩት እንጀራ በ15 ሰከንድ ቪዲዮ ዓይኑን ያጣል።

ያ ምስሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተተው ጥቁር ግርፍስ? እሱ «ኢፌክት ነው» ይላል፤ እኛም አሜን እንላለን። ነገሩ ግን ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሄድ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል፤ የስልኩ ሹተር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ከዚህ ምት ጋር ካልገጠመ ግርፉ ይወጣል። ሁሉን በእጅ በሚያስተካክሉበት ፕሮ ሞድ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማሰር ይበቃል። አይፎን የያዘ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ፓል (PAL) የሚባለውን የቪዲዮ አማራጭ አብርቶ በሰከንድ በ25 ፍሬም፣ ማለትም በ25 ምስል፣ ይቅረጽ። ብቻ ማን ሴቲንግ ይከፍታል፣ ፊልተር እያለ!

ወደ ድምፅ ስንመጣ ኮፍያ ማንሳት ነው። ደረት ላይ ልትሰካ የተሠራችውን ቁንጥር ማይክ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ከከንፈሩ ጋር ያጣብቃታል። «ፖ» ባለ ቁጥር ቦምብ ይፈነዳል። ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎ ልብስ ላይ መሰካት፣ ነፋስ ካለ ጠጉራሟን ኮፍያ ማልበስ ነበር፤ ግን ማይክ መያዙ ካልታየ ጋዜጠኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? የባሰበት ደግሞ የማይኳን ድምፅ የሚቀበለውን ሪሲቨር ስልኩ ላይ ይሰካና ስልኩ በራሱ ማይክ ሲቀዳ ይውላል። ማይኳን በጥፍር ጫር ጫር አድርጎ አሥር ሰከንድ ቀድቶ በኢርፎን ቢሰማ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ማይክ የሌለው ሁለት ሜትር ርቆ ይጮኻል። ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፅ በድምፅ መለኪያው 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲሄድ 18 ዴሲቤል ሄደ ማለት ነው። የቀረውን ቦታ የሚኒባሱ ረዳት ይሞላዋል። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ የፍቅር ምክር ይሰጠናል። ኤዲት ላይ ሙዚቃ ይለቀቅበታል፣ መቶ በመቶ። ሙዚቃው ከንግግሩ በ18 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ይበል ብትለው «ታዲያ ሙዚቃው ለምን ገባ?» ይልሃል። ልክ ነው።

የሙሽሮቹን እርምጃ በስሎ ሞሽን ማሳየት ሲፈልግም በ30 ፍሬም የተቀረጸውን በአራት እጥፍ ያዘገየዋል። በሰከንድ የሚቀረው ሰባት ተኩል ፍሬም ነው፤ ሙሽራው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ጧ ጧ እያለ ወደ ሙሽሪት ይዘልላል። በ120 ቢቀርጽ ኖሮ እንደ ዘይት ይፈስ ነበር።

ጽሑፍ ደግሞ አለ። ላቲን ብቻ የሚያውቅ ፎንት ይመርጣል፤ አማርኛው አልለወጥ ሲለው ዳር ዳሩን በወፍራም ጥቁር መስመር ይከብበዋል። መስመሩ የፊደሉን ቅጥያ ይውጠውና «ቡና» «በና» ሆኖ ቁጭ። ያንኑ ከስክሪኑ ሥር ይለጥፈዋል፣ ቲክቶክ ላይ የቪዲዮው ማብራሪያ በሚሸፍነው ቦታ ላይ። ከታች የስክሪኑን አንድ አምስተኛ ያህል ባዶ መተው ማን ነገረው?

የደግነት ቪዲዮውን ግን ማለፍ አይቻልም። ለአንድ ሽማግሌ 100 ብር ሲዘረጋ ብሩ ለሌንሱ ቀርቦ ፎከሱን ይወስደዋል፤ ብሩ ጥርት፣ ሰውየው ጭጋግ። ለነገሩ ካሜራው የተሳሳተ አይመስለኝም። ከፎከስ የወጣን ምስል ኤዲት እንደማይመልሰው እዚህች ላይ ብቻ ትዝ ይለዋል፦ «አባባ፣ ብሩን አንዴ ይመልሱልኝና እንደገና ልስጥዎት።»

በመጨረሻ ያለቀውን ቪዲዮ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ቪዲዮ ለጓደኛው ይልካል፣ ይጨመቃል፤ ጓደኛው ሙዚቃ ጨምሮ ይመልሳል፣ ዳግም ይጨመቃል። ሲለቀቅ የሚታየው የተቀቀለ ድንች ነው። ያም ሆኖ መጨረሻው ላይ የማይንቀጠቀጡ፣ ብርሃናቸው የተመጠነ፣ ጽሑፋቸው የሚነበብ ሁለት ሦስት ሰከንዶች አሉ። ካፕካት በራሱ የሚቀጥለው፣ እሱ ማጥፋት የረሳው የመዝጊያ ምልክት ነው።