መልሱን በእጅህ ሸፍነው

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። ደብተሩ እንደ ጥልፍ ያምራል። ጥያቄው በሰማያዊ፣ መፍትሔው በጥቁር፣ የመጨረሻው መልስ በቀይ ተከቦ። ያለፉ ዓመታት የኢንትራንስ ጥያቄዎችን ከነመፍትሔያቸው ገልብጣ ደብተሩን ሞልታዋለች። የገለበጠችው ከስልክ ነው። ስልኩ የወንድሟ ነው፤ የሚሰጣትም ማታ ማታ ብቻ ነው።

«ጎበዝ» አልኳት። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁና እዚያው ውስጥ ካሉት አንዷን ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። «እስቲ ሥሪያት።»

ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች። እስክሪብቶዋን ነከስ አደረገች። ጣሪያውን አየች።

«ቲቸር፣ ሳየው እኮ ገብቶኝ ነበር!»

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ይህችን ንግግር ስንቴ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ልጅቷ አልዋሸችም። ሲያዩት በእርግጥ ይገባል። የተሠራ ጥያቄ ሰው ያቀናው መንገድ ነው። እያንዳንዱን መስመር እያነበብክ «እሺ፣ ልክ ነው፣ እሺ» ትላለህ። ግን «ቀጥሎ ምን ላድርግ?» የሚለውን አንተ አልወሰንክም። ፈተናው ደግሞ የሚጠይቅህ እሱኑ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከባልደረቦቼ ጋር ሁሌ እንከራከራለን። አንዱ «መፍትሔ ከሰጠሃቸው ያነባሉ እንጂ አይሠሩም፤ ደብቀው» ይላል። ሌላው ደግሞ ሀንድ አውት አዘጋጅቶ ጥያቄውን ከነመልሱ ፎቶ ኮፒ ያስደርግና «ይህን ብቻ ሸምድዱ፣ ይበቃችኋል» ይላቸዋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። መፍትሔው ለተማሪው ይሰጥ። ብዙ ይሰጥ። ግን ለንባብ አይደለም፤ ሸፍኖ እንዲሠራበት ነው።

መጀመሪያ «ደብቀው» ለሚለው ወዳጄ ልመልስ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ጎጃም ላለ ሰው አይነገርም። መምህር ፊት ሳይቀመጡ ዓመት ያለፋቸው ልጆች አሉ። ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማር የነበረው ልጅ ወደ ቀዬው ተመልሷል። መጽሐፍ ካለው፣ መጽሐፉ ውስጥ ጥቂት የተሠራ ምሳሌ አለ፤ ከዚያ መልመጃ ይከተላል። የመልመጃው መልስ ግን ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። ልጁ ሃያ ጥያቄ ቢሠራ ልክ ይሁን ስሕተት የሚነግረው የለም። ስሕተቱን ሃያ ጊዜ ደጋግሞ ተለማመደው ማለት ነው። ብቻውን ለሚያጠና ልጅ የተሠራው ጥያቄ አስተማሪው ነው። አስተማሪን ደብቅ አይባልም።

ውጤቱም ቢሆን መፍትሔ ደብቁ የሚያሰኝ አልነበረም። ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጣው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ከፍ አለ ሲባል ይህን ያህል ነው እንግዲህ።

«ሸምድዱ» ለሚለው ግን በምሳሌ ነው የምመልሰው። ልጅቷ የቆመችበት ጥያቄ ይኸው። የ«ኤክስ ሲደመር 6» ስኩዌር ሩት ከኤክስ ጋር እኩል ነው፤ ኤክስ ስንት ነው?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሩቱን ለማጥፋት ሁለቱንም ጎን ስኩዌር እናደርጋለን። ኤክስ ሲደመር 6 ከኤክስ ስኩዌር ጋር እኩል ይሆናል። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ስናመጣው፣ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ኤክስ ሲቀነስ 6 እኩል ይሆናል ዜሮ። ፋክተር እናደርገዋለን፦ «ኤክስ ሲቀነስ 3» ሲባዛ በ«ኤክስ ሲደመር 2»። ስለዚህ ኤክስ ወይ 3 ነው ወይ ኔጌቲቭ 2።

በስልክ ሲዞር ያየሁት አንድ መፍትሔ እዚህ ላይ አበቃ። «መልስ፦ 3 እና ኔጌቲቭ 2» ብሎ ከስሩ ሁለት መስመር አሰመረበት። ልጅቷም በቀይ ከበበችው።

ስሕተት ነው። 3ን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰን እናስገባው። 3 ሲደመር 6፣ 9። የ9 ስኩዌር ሩት 3። ልክ። አሁን ኔጌቲቭ 2ን እናስገባ። ኔጌቲቭ 2 ሲደመር 6፣ 4። የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው እንጂ ኔጌቲቭ 2 አይደለም። ስለዚህ መልሱ 3 ብቻ ነው።

ታዲያ ኔጌቲቭ 2 ከየት መጣ? ስኩዌር ስናደርግ ነው የገባው። 2ንም ኔጌቲቭ 2ንም ስኩዌር ብታደርጋቸው ሁለቱም 4 ናቸው። ምልክቱ ይጠፋል። እኔ ለተማሪዎቼ «ስኩዌር ያደረጋችሁ ዕለት በሩን ከፍታችሁታል፤ ሌባ መግባት አለመግባቱን ሳታዩ አትተኙ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ግን አይረሱትም። ፈተና አውጪውም ይህን በር ያውቀዋል። ከምርጫዎቹ አንዱን «3 እና ኔጌቲቭ 2» አድርጎ ቢያስቀምጠው የሸመደደው ልጅ ደስ ብሎት እሱን ያጠቁራል።

ልብ በሉ፤ ደብተሯ ላይ የተጻፈው ከመጨረሻው መስመር በቀር ሁሉም ልክ ነው። ስሕተቱን የሚያገኘው የሠራበት ሰው ብቻ ነው። ያነበበው አያገኘውም።

የዚህ ዓይነት ትምህርት ለእኛ አገር ሰው አዲስ መሆን አልነበረበትም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል ሰምቶ የማያውቅ የለም። እዚያ ተማሪው እንዴት ነው የሚማረው? መምህሩ ቅኔ ያሰማሉ። ሰሙን ከወርቁ ለይተው ምስጢሩን ይፈቱለታል። ይህ እንግዲህ የተሠራው ጥያቄ ነው። ከዚያ ግን ተማሪው «ገብቶኛል» ብሎ አይተኛም። ጥላ ፈልጎ ለብቻው ይቀመጥና ቆጠራ ይቆጥራል፤ የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል ማለት ነው። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ካላት ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። አምጦ ያገኛትን ይዞ ወደ መምህሩ ይመለስና ይነግራል። መምህሩ ቤቱ የሰበረበትን፣ ምስጢሩ የጎደለበትን ያርማሉ። ሌላ ያሰማሉ። ደግሞ ቆጠራ።

እስቲ ያ ተማሪ ትናንት ከመምህሩ የሰማውን ቅኔ ሸምድዶ «የእኔ ነው» ብሎ ያቅርብ! መሳቂያ ነው የሚሆነው። ቅኔ በየጊዜው አዲስ ነው። የኢንትራንስ ጥያቄም እንደዚያው፤ ቁጥሩም አቀራረቡም ይቀየራል። አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። እኛ ዘመናዊ ነን ብለን ማዳመጡን ብቻ ይዘን ቆጠራውን ጣልነው።

ፈረንጆቹም በራሳቸው መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። በእነሱ አቆጣጠር በ1985 ጆን ስዌለርና ግርሃም ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ ይህን በአልጀብራ ተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። አንዱ ቡድን ጥያቄ ብቻ እየተሰጠው ሠራ። ሌላው አንድ የተሠራ ምሳሌ ካየ በኋላ ተመሳሳዩን ራሱ እየሠራ ቀጠለ። ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ በፍጥነትም በትክክለኛነትም የተሻለው ሁለተኛው ነው። ጀማሪ ልጅ ከባዶ ሲታገል ጭንቅላቱ በፍለጋው ይጠመዳል፤ መንገዱን የሚያይበት ቦታ አይተርፈውም። ከኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ተማሪው እየበረታ ሲሄድ የተሠራ ጥያቄ ማየቱ ጥቅሙ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ እንዲያውም እንቅፋት እንደሚሆንበት አሳይተዋል። የበረታውን ልጅ ልቀቀው፣ ይሥራ።

እኔ በቤቴ የማደርገውን ልንገራችሁ። አዲስ ነገር የለውም። የአሮጌ ደብተር ሽፋን እቆርጥና መፍትሔውን አሸፍናቸዋለሁ። አንዱን ጥያቄ ሙሉውን እናያለን። በሁለተኛው የመጨረሻዋን መስመር ይሸፍኗታል፤ ራሳቸው ይጨርሷታል። በሦስተኛው ሁለት መስመር። እንዲህ እያልን ከታች ወደ ላይ እንወጣለን። በመጨረሻ የሚታየው ጥያቄው ብቻ ነው። የተጣበቀ ልጅ ሽፋኑን አንዲት መስመር ብቻ ዝቅ ያደርጋል። አንዲት! ሙሉውን ከገለጠ ያንን ጥያቄ ከነገ ወዲያ ከባዶ ይሠራዋል። ቅጣት አይደለም፤ ሕጋችን ነው።

ሌላው፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ለምን» የሚል ቦታ አለን። እሱ በአማርኛ ነው የሚጻፈው። ይህን ስል ቅር የሚላቸው አሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ አይደለም ወይ ይላሉ። ነው። ለዚያ እኮ ነው! ልጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በሒሳቡ ሳይሆን በቃሉ ነው። «አት ሊስት 5» የሚል ጥያቄ ይመጣል። «ሊስት» ማለት ትንሹ መሆኑን ልጁ ያውቃል። ስለዚህ ከ5 ያነሰ ብሎ ምልክቱን ይገለብጠዋል። «ቢያንስ 5» ማለት 5 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን በአማርኛ አንድ ጊዜ ቢጽፈው ኖሮ አይሳሳትም ነበር። እናቱ «ቢያንስ 5 ቁና ጤፍ አምጣ» ብትለው 3 ይዞ አይመጣማ።

ስለ ስሕተት ካወራን ራሴን አልሸሽግም። አንድ ጊዜ እኔው ባዘጋጀሁት ወርክሺት ላይ «ኔጌቲቭ 2 ኤክስ ከ6 ይበልጣል» የሚለውን ስሠራ ለኔጌቲቭ 2 አካፍዬ ምልክቱን ሳልገለብጥ «ኤክስ ከኔጌቲቭ 3 ይበልጣል» ብዬ ጻፍኩ። አምሳ ቅጂ ተባዝቷል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ተነሣ። «ቲቸር፣ ዜሮ ከኔጌቲቭ 3 ይበልጣል አይደል? ኤክስን ዜሮ ብናደርገው ግን ከ6 አይበልጥም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ላብ ላብ አለኝ። ትክክለኛው መልስ ኤክስ ከኔጌቲቭ 3 ያንሳል ነው። ያን ዕለት አጨበጨብንለት።

ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ አንድ የተሳሳተ መፍትሔ በየወርክሺቱ መሀል መወሸቅ ጀመርኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ያገኘ ቀጣዩን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እሱ ይሠራል። አሁን ምንም ነገር አያምኑኝም። ትክክለኛውን ሳይቀር መልሰው እያስገቡ ያረጋግጣሉ። መምህር ሆኖ በተማሪ አለመታመን እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ታዲያ ከሚመለከተው አካል የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመማሪያ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የመልመጃው መልስ ይግባ። ሁሉም ባይሆን ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ጥያቄዎች መልስ ይግባ፤ ሙሉዎቹን መምህሩ ለቤት ሥራ ይጠቀምባቸው። ከየምዕራፉ አምስት ስድስቱ ደግሞ ከነአሠራራቸው ይቀመጡ፤ ግማሽ ድረስ ተሠርተው የቀሩም ይኑሩ። ይህ ላቦራቶሪ አይፈልግ፣ ኔትወርክ አይፈልግ። ጥቂት ገጽ ወረቀት ነው። ኔትወርክ የለም፣ መንገድ ተዘግቷል በሚባልበት ወረዳ ያለ ልጅ ቢያንስ ልክ መሥራት አለመሥራቱን ያውቃል።

ያቺ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ደብተሩ ሌላ ነው። የድሮው ጥልፍ የለም። ስርዝ ድልዝ በስርዝ ድልዝ፣ አንዱ ገጽ ላይ የሻይ ክብ አትሞበታል። የስኩዌር ሩቷን ጥያቄ ቁጥሯን ቀይራ ራሷ ፈጥራ ሠርታታለች። «ኤክስ ሲደመር 12» አድርጋዋለች። ሁለት መልስ አግኝታለች፤ 4 እና ኔጌቲቭ 3። 4ን በቀይ ከባዋለች። ከኔጌቲቭ 3 ጎን፣ «ለምን» በሚለው ቦታ፣ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ሌባ። በር ከፍቼለት ገባ።»