መዋጮ ለጎርፍ ነበር

ድሬ በገባሁ በአራተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ከደብተሯ መሐል የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። «አጎቴ፣ እማዬ ሥራ ስላለባት አንተ ሂድልኝ ብላለች።» የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ነው። አጀንዳው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የደስክ ጥገናና ለጥበቃ ደመወዝ የሚሆን መዋጮ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ሄድኩ። እኔም የተማርኩበት ግቢ ነው። ያኔ የምንጠለልባቸው የኒም ዛፎች ዛሬም አሉ፤ ወላጆች ከየክፍሉ ወንበር አውጥተው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። የባጃጅ ሹፌሮች አሉ፣ ከፊራ ገበያ ያለውን ጉሊታቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው የመጡ እናቶች አሉ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌዎች አሉ። ጨዋታው በአማርኛ ይጀመርና በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ አንዱ በሶማልኛ ያክልበታል፤ አስተርጓሚ የጠየቀ ሰው የለም። ለዓመታት የናፈቀኝ ይሄ ነበርና መጀመሪያ አጀንዳውን ትቼ ድምፁን ነበር የማዳምጠው።

ርዕሰ መምህሩ ሒሳቡን ሳይደብቁ ዘረዘሩ። ከሚመደበው በጀት አብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነው። ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጠመኔ፣ ወረቀትና የፈተና ማባዣ ገዝቶ እንኳ ዓመቱን አያደርስም። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣው ስኩል ግራንት በጊዜው ሲደርስ ያግዛል፤ ሲዘገይ ግን ዓመቱ ይጋመሳል። ስለዚህ ደስክ ሲሰበር ወላጅ ይጠራል፣ ጥበቃ ሲቀጠር ወላጅ ይጠራል፣ ቧንቧ ሲፈነዳም ወላጅ ይጠራል።

አንዲት እናት ተነሡ። ከፊራ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ናቸው። «ካቻምና ለውሃ ታንከር ከፈልን። አምና ለአጥር ከፈልን። ዘንድሮም ልጆቼ ናቸውና እከፍላለሁ» አሉ። «እኔ የምጠይቀው፣ ይሄ ትምህርት ቤት ይሄን ያህል እንደሚጎድለው ከዚህ ግቢ ውጭ የሚናገርልን ሰው አለ ወይ?»

«ለበላይ አካል በሪፖርት እናሳውቃለን» ተባለ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከውጭ የመጣ ሰው ስብሰባ ላይ ሲገኝ ምን እንደሚጠበቅበት ይታወቃል። አሥር ደስክ ቃል ገባሁ፣ ተጨበጨበ፣ ስብሰባው ተበተነ። የእናትየዋ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። የእኔ ደስኮች ሸፈኑት። ሲከነክነኝ የሰነበተው ይሄ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው፤ ሥራዬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት። ከሐበሻው ብዛት የተነሣ ከትምህርት ቤቶቹ የሚመጣው ደብዳቤ በአማርኛም ተተርጉሞ ይደርሰናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማው የሕዝብ አስተያየት እንደሚሰማ ሰምቼ ኪንግ ስትሪት ወዳለው ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። የመሰለኝ ከተማው ስለ ራሱ በጀት ሊያስረዳን ነው። ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ምክር ቤቱ እሱ ራሱ ከበላዩ ካለው ከስቴቱ መንግሥት ምን እንደሚጠይቅ ነዋሪውን እያማከረ ነበር። አንዲት አስተማሪ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ተናገረች፣ አንድ አባት ተናገረ፤ የምክር ቤቱ አባላት ይጽፋሉ። ከተማ ስለ ልጆቹ ከበላዩ ካለው መንግሥት ጋር ሲሟገት ያየሁት ያን ቀን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ከተሞችና ካውንቲዎች (እንደኛ ወረዳ ያሉ አስተዳደሮች) የጥያቄያቸውን ዝርዝር በምክር ቤታቸው ያጸድቁና ከአካባቢያቸው ለተመረጡት የሕግ አውጪዎች ያስረክባሉ። ጎረቤታችን ፌርፋክስ ካውንቲ ከዓመት ዓመት ዝርዝሩ ላይ ቀዳሚ ቦታ የሚሰጠው ስቴቱ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ገንዘብ እንዲጨምር ነው። የስቴቱ ከተሞችና ካውንቲዎች ማኅበራትም ይህንኑ ይዘው ሪችመንድ ይሄዳሉ።

የያዙት ሒሳብ ነው። የስቴቱ ሕገ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የጥራት መለኪያ እንዲወጣ ያዛል። በመለኪያው መሠረት ስንት መምህር፣ ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ ይሰላል፤ ወጪው በስቴቱና በአካባቢው መካከል ይከፈላል። የአካባቢውን አቅም የሚለካ ቀመርም አለ፤ ለቤትና መሬት ዋጋ 50 በመቶ፣ ለነዋሪው ገቢ 40 በመቶ፣ ለችርቻሮ ሽያጭ 10 በመቶ ክብደት ይሰጣል። በዚህ ልኬት አሌክሳንድሪያ ጣሪያው ላይ ናት። ከዚያ ወጪ 80 በመቶው የራሷ ነው፤ 20 በመቶው የስቴቱ።

በ2023 የሕግ አውጪው የራሱ የኦዲትና የጥናት ኮሚሽን በመለኪያው መሠረት ወጪው የሚሰላበትን ቀመር መርምሮ ያወጣውን ሪፖርት ብዙ ሰው ተነጋግሮበታል። የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚያገኙት ገንዘብ ከ50ዎቹ ስቴቶች አማካይ በ14 በመቶ እንደሚያንስ ተገለጠ። በ2021 የበጀት ዓመት ቀመሩ ያስፈልጋል ያለው 10.7 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ሳለ በተግባር የወጣው 17.3 ቢሊዮን ነበር። አንዱ ምክንያት ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ለቁጠባ ተብለው የገቡ ቅነሳዎች ቀውሱ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተውም ቀመሩ ውስጥ መቅረታቸው ነው። ልዩነቱን በዋናነት የሞሉት ከተሞቹና ካውንቲዎቹ ናቸው። የእኛው ምክር ቤት በ2024 የቤት ግብሩን ከ100 ዶላር ግምት ላይ ከ1.11 ወደ 1.135 ዶላር ያሳደገው ለትምህርት ቤቶች ለመጨመር ነው። እኔም በኮንዶዬ ላይ የመጣችብኝን ጭማሪ ከፍያለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት፤ የራሱን ድርሻ አውጥቶ ያሳየ ከተማ ሪችመንድ ሲሄድ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደሚናገር አይቻለሁና።

አሜሪካ ፍትሕ ሞልቷል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤት በቤት ግብር ላይ ሲቆም የሀብታም ሰፈር ልጅና የድሃ ሰፈር ልጅ እኩል አይሆኑም። ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ውስጥ የድንጋይ ከሰሉ ሥራ የተዳከመባቸው ካውንቲዎች ግብር ቢጨምሩ ከማን ይሰበስቡታል? የስቴቱ ድርሻ ይጨመር የሚለው ጥያቄ ለእነሱ የህልውና ጉዳይ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ኒም ሥር ቆመው የጠየቁትን ጥያቄ እዚያ የሚጠይቀው ምክር ቤቱ መሆኑ ነው።

ድሬዳዋ ይህን ለማድረግ የሚያስችል መዋቅር የላትም እንዳይባል አላት። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት አስተዳደር ናት፤ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ምክር ቤት አላት። የራሷን ገቢ ትሰበስባለች፣ ከፌዴራሉም ድጎማ ታገኛለች። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት መቀመጫ አላት። ከታች ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ። መሰላሉ ሙሉ ነው። እኔ ያየሁት ግን መሰላሉ ለመውረጃ ብቻ ሲያገለግል ነው፤ መመሪያ ይወርዳል፣ ዕቅድ ይወርዳል፣ የመዋጮ ጥሪም ይወርዳል። ወደ ላይ የሚወጣው ሪፖርት ነው፤ ሪፖርት ደግሞ የተሠራውን እንጂ የጎደለውን ለመንገር አልተለመደም።

እንዲያውም የድሬ ጥያቄ ከአሌክሳንድሪያ ጥያቄ ይልቅ ግልጽና ጠንካራ ሊሆን ይችላል። የከተማችን ልጆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይማራሉ። ይሄ የምንኮራበት ነገር ነው፤ ግን ዋጋ አለው። አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ይዘጋጃል፣ ሦስት ጊዜ ይታተማል። ለአንድ ትምህርት ሦስት ዓይነት መምህር ያስፈልጋል። አንደኛው ክፍል ተጨናንቆ ሌላኛው ሳሳ ቢል እንኳ ቋንቋው ስለሚለይ ልጆቹን ማዋሐድ አይቻልም። ራስ ብቻ የሚቆጥር ስሌት ይህን አያይም። በዚያ ላይ ከከተማዎቹ ቀበሌዎች ውጭ የገጠር ቀበሌዎች አሉ፤ እዚያ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚሄደውን መንገድ እግሩ ነው የሚያውቀው። ሙቀቱንስ? እኩለ ቀን ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ወጣሁ፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። የእህቴ ልጅ እዚያ ውስጥ ነው ክፍልፋይ የምትማረው። ለድሬ ትምህርት ቤት የጣሪያ ማራገቢያና ኤሌክትሪክ የመማሪያ መሣሪያ እንጂ ምቾት አይደለም። ይህን አዲስ አበባ ላይ ላለ በጀት አዘጋጅ ማን ይንገረው? የድሬ ሰው ካልነገረው ከየት ያውቀዋል?

ለአካባቢ ትምህርት በሕግ ገንዘብ መመደብም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ የትምህርት ግብር ተጥሎ ነበር፤ ከመሬት የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ማለት ነው። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ከክፍያ ነፃ እንዲሆን ደነገገ። ለጥበቃና ለደስክ በየዓመቱ የሚከፍል ወላጅ ነፃ ትምህርት አገኘ ለማለት ግን ይከብደኛል።

ስለ መዋጮ ክፉ መናገሬ አይደለም። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ እኛ ቨርጂኒያ ያለን የድሬ ልጆች በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም እየዞርን ያዋጣነውን አልረሳውም። መዋጮ ለእንደዚያ ያለ ቀን ነው፤ ለጎርፍ፣ ለእሳት፣ ለድንገተኛ። ትምህርት ቤት ግን ድንገተኛ አይደለም። መስከረም መቼ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ መስከረም ስንት ልጅ ሰባት ዓመት እንደሚሞላውም ከሰባት ዓመት በፊት የታወቀ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎች የዋትስአፕ ግሩፓችን ከዓመታት በፊት አዋጥቶ ኮምፒውተር ልኮ ነበር። ክፍሉን ሄጄ አየሁት። ኮምፒውተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል። ባለሙያ የሚከፈለው የለም፤ ሲበላሹ የሚጠግናቸው በጀት የለም። ስጦታ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሥራ ማስኬጃ ግን በየወሩ ይፈለጋል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ያ ግሩፕ ለሳምንታት ተቃጠለ፤ ከዚያ «ምን እንላክ?» ወደሚለው ተመለስን። ከዚያ በኋላ የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ኅብረተሰቡን አስተባብሮ ትምህርት ቤቶች ማደስ ጀመረ፤ ለሠራው ሥራ ክብር አለኝ። የታደሰው ክፍል ግን በሚቀጥለው ዓመትም ቀለም፣ አምፖልና መምህር ይፈልጋል። ለእሱ የሚሆነው በምክር ቤት የጸደቀ፣ በዓመቱ የሚታደስ በጀት ነው።

ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ከፊራ ሄጄ እኚያን እናት አገኘኋቸው። ስለ አሌክሳንድሪያው ስብሰባ ነገርኳቸው። ሽንኩርቱን እየለዩ አዳመጡኝና «ከተማው ራሱ ነው የሚጠይቀው?» አሉ።

«አዎ እትዬ፣ ራሱ ነው።»

«ወረቀቱ ላይ ምን ይላል?»

«ስንት እንደሚያስፈልግ፣ ስንት እንደተሰጠ፣ ልዩነቱን ማን እንደሸፈነው።»

ዝም ብለው ቆዩ። «ልዩነቱን የሸፈነውማ እኛ ነን» አሉ በመጨረሻ። «ደረሰኙን አስቀምጫለሁ።»

የአራት ዓመት የመዋጮ ደረሰኝ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቤታቸው ነበር። ሌሎችም አምጡ ተባለ፣ አመጡ። በማግስቱ ከኅብረቱ አባላትና ከሁለት መምህራን ጋር ከክፍል ክፍል እየዞርን ቆጠርን፤ የተሰበረ ደስክ፣ የማይበራ አምፖል፣ መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ እንደሚደርስ በየቋንቋው ለይተን። የእህቴ ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ትመዘግባለች፣ መምህሩ ወደ ወረቀት ይገለብጣሉ። አራት ገጽ ሆነ። የላይኛው ገጽ ላይ የተጻፈው ጥያቄ አጭር ነው፤ የአስተዳደሩ ምክር ቤት ይህን ተቀብሎ፣ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ደምሮ፣ የሐምሌው በጀት ከመጽደቁ በፊት የድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች ጥያቄ ብሎ በስሙ ለፌዴራል መንግሥት እንዲያቀርብ። ግልባጩ ለሁለቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት።

አሥሩን ደስክም ገዝቼ ነው የሄድኩት፤ ቃል ቃል ነው።

አሌክሳንድሪያ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ የጠዋት ልጆቼን አድርሼ አውቶቡሱን እንዳቆምኩ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው፣ ከኋላቸው የከፊራ ጫጫታ ይሰማል። «ማኅተም ተመትቶበት ገብቷል» አሉኝ። «የመዝገብ ቁጥሩን ያዝ፤ አንተም ዘንድ ይኑር።» ወረቀት ፈልጌ በቅርብ ስላጣሁ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።