ኦፕራሲዮን ክፍል ዘግቶ «አልሞተብንም» ማለት

ሰሞኑን አንድ የጤና ኃላፊ ስለ ወረርሽኝ ዝግጅት በተጠራ ስብሰባ ላይ የተናገሩትን ሰምቼ ደሜ ፈላ። «በኮሮና ጊዜ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ጥገና በማቆማችን ኦፕራሲዮን ላይ አንድም ሰው አልሞተብንም፤ ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣም እንደዚያው እናደርጋለን» ነው ያሉት። ተጨበጨበላቸውም።

ጠረጴዛው ላይ ማንም ካልተኛ ማን ይሞታል? የሞተውማ እቤቱ ነው የሞተው። እዚህ ጎንደር ዙሪያ፣ ጭልጋ፣ ደምቢያ፣ አርማጭሆ፣ የቀጠሮ ወረቀቱን ትራሱ ስር እንዳደረገ። እሱን የቆጠረው የለም። መዝገቡ ላይ «አልቀረበም» ተብሎ አልፏል።

አጎቴ ገበሬ ነው፣ ቡአ ነበረበት፤ አንጀት በሆድ ግድግዳ ቀዳዳ ወጥቶ የሚያብጥበት ሕመም ማለት ነው። ቀጠሮው የደረሰው በ2012 መጋቢት ኮሮና አገራችን ከገባ በኋላ ነበር። «አባቴ፣ ተራዝሟል፤ እንደውልልዎታለን» ተባለ። ማንም አልደወለም። ክረምት ላይ አንጀቱ እዚያው ታንቆ ቀረ። ሆዱ ተነፍቶ፣ ሲያስመልሰው ውሎ፣ ጎረቤት በጭቃው መንገድ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና ላይ አደረሰውና ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባ። የኮሮና ምርመራ ውጤት የሚጠበቅበት ጊዜ አልነበረም። በቀን፣ ተመርምሮ፣ ምናልባትም ከወገብ በታች ብቻ ደንዝዞ በአጭሩ ይሠራ የነበረው ሰውዬ ሙሉ በሙሉ እንዲተኛ ተደረገ፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገባ፣ የሞተው አንጀቱ ተቆርጦ ወጣ። ቱቦ ማስገባት ደግሞ ቫይረሱ በአየር ይረጫል ተብሎ በጣም የሚፈራው ሥራ ነው። ታዲያ ማንን ነው የጠበቃችሁት? አጎቴን ነው፣ ማደንዘዣ ሰጪውን ነው፣ ወይስ ሌሊቱን ሙሉ እግሯ እስኪዝል የቆመችውን ነርስ? የማራዘም ትርጉሙ ይኼ ነው። ታቅዶ በጥንቃቄ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ በጨለማ ወደሚደረግ ጥድፊያ መለወጥ። አጎቴ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፏል።

ኃላፊው ጥናትም ጠቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ነው፤ በቀዶ ጥገና ሰሞን ኮሮና ከተገኘባቸው 1,128 ታካሚዎች ወደ 24 በመቶ የሚጠጉት በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ያስፈራል፣ አልክድም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ማስክ ጠፍቶ፣ በሽታውም ሳይታወቅ ቆም መባሉንም እረዳለሁ። ግን ጥናቱ ስለተያዙ ሰዎች ነው የሚናገረው! እነዚያው ተመራማሪዎች በኋላ የተያዘ ሰው ቢቻል ቢያንስ 7 ሳምንት ይጠብቅ አሉ። ሁሉም ሰው ላልታወቀ ጊዜ ይጠብቅ አላሉም። እንዲያውም ወረርሽኙ በበረታባቸው 12 ሳምንታት ብቻ በዓለም ዙሪያ 28 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ጥገና ይሰረዛል ወይም ይራዘማል ብለው የጮኹትም እነሱ ናቸው። ይኼን ለምን ዘለሉት?

ጥንቃቄ ሥራ ይፈልጋል። ለታቀደ ታካሚ ለብቻው በርና ክፍል መለየት፣ ቀድሞ መመርመር፣ ቱቦ ሲገባ የማያስፈልገውን ሰው ማስወጣት፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሳያልቅ ማስሞላት። ከመቅደድ በፊት ቆም ብሎ የደህንነት ዝርዝሩን (ታካሚውና የሚሠራው ቦታ ትክክል መሆኑን የመሳሰለውን የሚጠይቀውን) ጮክ ብሎ ማንበብ እንኳ ወጪው አንድ ወረቀት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የ8 ከተሞች ጥናት ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ አውርዷል። በር መቆለፍ ይቀላል፣ ስለዚህ ተመረጠ።

ደግሞ ጎንደር ላይ ሆኖ ይኼን መስማት ያማል። ደምቢያን ወባ ሲፈጃት የተሰጠው ምላሽ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ የጤና ኮሌጅ መክፈት ነበር። ያኔ አገሩ ከዛሬው የበለጠ ድሃ ነበር፣ ግን ወረርሽኝ አይቶ ከፈተ እንጂ አልዘጋም።

ለሚቀጥለው ወረርሽኝ «እንደዚያው» የሚሉን ከሆነ መጀመሪያ መዝገቡን ያውጡልን። በ2012 እና በ2013 ስንት ቀጠሮ ተራዘመ? ለስንቱ ተደወለ? የጡት እብጠት ይዛ የተመለሰችው እናት ከስንት ወር በኋላ ተጠራች፣ ስትመጣስ እብጠቱ ገና ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል ነበር? ይኼን ሳይመልሱ ጭብጨባውን መቀበል አልነበረባቸውም።